የሉቨርን ድምፅ

«አዎ፣ ድምፁ የእናቴ ነው። ከኛ ቤት እንደሷ የዘፈነ የለም። አክስቴም ትዘምራለች፤ እሷ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፣ እንዲህ ዓይነቱ አይሆንላትም።»

ዶሬታ ይህን የምትለው በስልክ ለአንድ የጋዜጣ ሰው ነበር። ኦዜላ ፒኬት ደግሞ ከስልኩ ሦስት እርምጃ ርቃ፣ ዛሬ በምትቀበረው እህቷ፣ በሉቨርን ማድ ቤት ቆማ፣ የእናቷን ነጭ ቀሚስ ትተኩሳለች። ካውያው አንገትጌው ላይ እንዳለ እጇ ቀጥ አለ። የጨርቁ ሽታ አፍንጫዋ ሲደርስ ብድግ አደረገችው፤ የጣት ጥፍር የሚያህል ቢጫ ምልክት ቀርቷል። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ አንዲት ጨርቅ አቃጥላ አታውቅም። ምልክቱን በምራቅ አሸችው፤ አልለቀቀም። ዶሬታ ስልኩን ዘግታ ስትመጣ ሐዘን ያጠለሸው ፊቷ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር። «እሑድ ይወጣል አክስቴ! ከነፎቶዋ፣ ግማሽ ገጽ!» አለቻት። ኦዜላ «እሰይ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ልጅቱ እናቷን ልትቀብር ነው። ደግሞም አልዋሸችም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

ማድ ቤቱ ለአንድ ሰው እንኳ ይጠባል። ዛሬ ግን ከምድጃው አንስቶ እስከ መስኮቱ ድረስ ምግብ ተደርድሮበታል፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣ፣ ከአሳማ ሥጋ ጋር የተቀቀለ ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ አምስት ዓይነት ኬክ። በፊፍዝ ዋርድ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎረቤት ባዶ እጁን አይመጣም። ሳህኑ እንዳይጠፋበትም ከሥሩ ፕላስተር ለጥፎ ስሙን ይጽፍበታል። ጥቅምት ገብቶም የሂውስተን ሙቀት አልሰበር ብሏል፤ የኬኮቹ ቅባት መቅለጥ ጀምሯል። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ሚስ ክሎቲል አንድ ትልቅ የአሳማ ታፋ እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። «አንድ ዶላር ከሰባ ሳንቲም፣ ፓውንዱን!» አሉ ገና ከደጅ። «በዚህ ዋጋ አሳማው በእግሩ መጥቶ ራሱን መጥበስ ነበረበት።» ወንበር ስበው ተቀመጡና በመሐረባቸው ፊታቸውን እያራገቡ ወደ ኦዜላ ዞሩ። «ያቺ ቤተ ክርስቲያናችሁ ግን አታፍርም! የሉቨርንን ስም ከመዝገብ ፍቀው ያባረሯት እነሱ፣ ዛሬ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ይመጣል ሲባል ምንጣፍ ያጠቡላትም እነሱ።»

«ጊዜው ሌላ ሆኗላ፣ ሚስ ክሎቲል።»

«ጊዜው ምን አደረገ? ዘፈኑ እንደሆን ያው መጥበሻ ነው!» አሉና ዜማውን ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ያውም አበላሽተው። ኦዜላ ጀርባዋን ሰጠቻቸውና የካውያውን ገመድ ነቀለች።

ዘፈኑ «መጥበሻዬን መልስ» ይባላል። አንዲት ሴት ጥሏት ለሄደ ወንድ «ሌላውን ሁሉ ምሬሃለሁ፣ መጥበሻዬን ብቻ አምጣ» የምትልበት የሁለት ደቂቃ ተኩል ቀልድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን በዚያ መጥበሻ ውስጥ እንቁላል አልታያቸውም፤ ሌላ ነገር ነው የታያቸው። ሸክላው በወጣ በሦስተኛ ወሩ አንድ ነጭ ልጅ መጥበሻውን በቀለበት ለወጠና ዘፍኖት አንድ ሚሊዮን ሸጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ልጆች በጊታር እየጎተቱ ሰባት ደቂቃ አደረሱት። አምና ደግሞ የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ሆነ። በማጠቢያ ቤቱ ሬዲዮ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ሴቶቹ አንሶላውን እያራገፉ አብረው ይጮኻሉ። አንደኛዋማ አንድ ቀን፣ «አንቺ ደግሞ የዘፋኝ እህት ሆነሽ እንዲህ ግንድ ሆነሽ ትቀሪ?» ብላ አስቃባታለች። ከነጩ ልጅ እስከ ዘይቱ ማስታወቂያ ድረስ አንድ ነገር ማንም አልተወም። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ «መልስ» የሚለው ቃል ዘንድ ሲደርስ፣ የሴትየዋ ድምፅ ስብር ይላል። ሁሉም ያቺን ስብራት ይሰብራል። ዘፈኑን ዘፈን ያደረገችው እሷ ናት ይላሉ፣ እናውቃለን የሚሉት።

ስብራቷ ከየት እንደመጣች የሚያውቁ አራት ሰዎች ነበሩ። ሸክላውን ያሳተመው ሰውዬ ሞቷል፤ ከበሮ መቺው ሞቷል፤ አሁን ሉቨርን ተከተለች። የቀረችው ኦዜላ ብቻ ናት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ በሊዮንስ ጎዳና ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት በላይ ባለች የሸክላ መቅረጫ ክፍል ውስጥ፣ ሉቨርን ልትዘፍን ተቀጥራ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቤት ወጥታ መሸታ ቤት ትሠራለች። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ኦዜላ የመጣችው ከኋላ ቆማ እንድታጨበጭብ ነው። ሉቨርን አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረችው፤ አልሆነም። ሰውዬው ሲጋራውን ረገጠና «እስቲ ትንሿ ትሞክረዋ!» አለ፣ ለቀልድ ያህል። ኦዜላ አንዴ ዘፈነችው፤ በቃ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዓይኗ በመስተዋቱ ወዲያ ማዶ ግድግዳው ሰዓት ላይ አረፈ፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሊሆን ነው። ለእናቷ የመዘምራን ልምምድ አለኝ ብላ ነው የወጣችው፤ ልምምዱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል፤ እናቷ ደግሞ ከበሩ ላይ ትጠብቃታለች። ጉሮሮዋ ያኔ ነው የተያዘው። ሰውዬው «እንዳትነኩት! እንዲሁ ይሁን!» ብሎ ዘለለ። ስምሽ ማን ነው ሲላት ግን ኦዜላ አለቀሰች። «የኔን እንዳትጽፍ፣ እማዬ ትገድለኛለች» አለችው። ሉቨርን ሳቀችና «የኔን ጻፋ፤ እኔ እንደሆን ከተበላሸሁ ቆየሁ» አለች።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ዘፈኑ በየሬዲዮው ሲጮኽ፣ የትንሿ ገለዓድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናት የሉቨርንን ስም በጉባኤ ፊት አንብበው ከኅብረቱ አስወጧት። እናቷ የቀራትን ልብስ በወረቀት ከረጢት ጠቅልላ በረንዳው ላይ አኖረችና አሥራ አንድ ዓመት በሯን ዘጋችባት። ስሟ በተነበበበት እሑድ ኦዜላ የመዘምራን ካባዋን ለብሳ፣ ከፊት ቆማ፣ ብቻዋን ዘመረች፤ ሰውም አሜን አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ይኸው እስከ ዛሬ አለች። ሉቨርን ደግሞ መንገድ ወጣች። ዘፈኑን ከሸክላው ላይ ቃል በቃል፣ ከነስብራቱ አጠናችው። ከነጩ ልጅም ከእንግሊዞቹም ቀድማ የቀዳችው እሷ ናት። በየከተማው፣ በየዳንስ ቤቱ ያንኑ ስብራት ስትሰብር ኖረች፤ በኋላ በኋላ የራሷ ሳይመስላትም አልቀረም። ኦዜላ ዝሙት ነው ተብሎ ሲሰደብ ያልፈለገችውን ዘፈን፣ ክብር ሲሆን መፈለጓ ያሳፍራታል። ቢሆንም ትፈልገዋለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ በዓለም ላይ የሠራችው አንድ ነገር ቢኖር ያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።

ሉቨርን ራሷ ፈቅዳላታለች። ባለፈው ሳምንት፣ ሆዷ አብጦ፣ ከንፈሯ ደርቆ በተኛችበት እጇን ይዛ፣ «ስሞት ንገሪያቸው ኦዚ» አለቻት። «ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ብቻ እማዬን አስቢያት።» ኦዜላ ረቡዕ ዕለት ወደ ወጣቱ ፓስተር ሄዳ ቀብሩ ላይ መናገር እፈልጋለሁ አለች። የቀብሩ ፕሮግራም የተወለወለ ወረቀት ላይ ታትሟል፤ ስምንት ገጽ፣ አራት መቶ ቅጂ፣ ዘጠና ዶላር። በፊት ገጹ ላይ ሉቨርን በብልጭልጭ ቀሚስ ትስቃለች። በሦስተኛው ገጽ ላይ «ዓለም የማይረሳውን ድምፅ ገና በሃያ አንድ ዓመቷ አበረከተች» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ ከተረፉት ዘመዶች መካከል፣ «አንዲት እህት፣ ኦዜላ» ይላል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ንግግር፤ እህት ኦዜላ ፒኬት። እባክዎ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ካልተናገረች፣ ነገ ጋዜጣው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል?

እናታቸው በሉቨርን መኝታ ቤት አልጋው ጠርዝ ላይ በውስጥ ልብስ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ እናት ተብላ ስለተሾመች በማንኛውም ቀብር ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍሯ ነጭ ትለብሳለች፤ በልጇ ቀብርም ቢሆን። ክፍሉ የመድኃኒትና የሽቶ ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ ከዲትሮይት፣ ከቺካጎ፣ ከለንደን የመጡ የዝግጅት ማስታወቂያዎች ተለጥፈዋል፤ አሮጊቷ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጥታለች። ኦዜላ ቀሚሱን አለበሰቻት፤ ቁልፎቹን ከኋላ አንድ በአንድ ቆለፈችላት። እናትየዋ በመስተዋት ውስጥ ቢጫውን ምልክት አየችው፤ በጣቷ ነካ አደረገችው። ጓንቷን እያጠለቀችም፣ «ምን ልትናገሪ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ስለ ሉቨርን ነዋ፣ እማዬ።»

«ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው» አለች አሮጊቷ።

ትንሿ ገለዓድ እስከ በረንዳዋ ሞልታለች። የቀብር አስፈጻሚው ስም የታተመባቸው የወረቀት ማራገቢያዎች በእያንዳንዱ ሰው እጅ ይውለበለባሉ። ከሬሳ ሣጥኑ ጎን፣ በነጭ አበባ የተሠራ፣ የሰው ቁመት የሚያህል መጥበሻ ቆሟል፤ የላከው እንግሊዛዊው ነው። የሰፈሩ ሰው መጥበሻውን ሲያይ ሳቁን በማራገቢያው እየሸፈነ ያልፋል። እንግሊዛዊው ኮሊን ዴንሻም ይባላል፤ ሰባት ደቂቃ ካደረሱት ልጆች መካከል ጊታሩን የሚመታው ነበር። አሁን ጠጉሩ ሳስቷል፤ ጥቁር ልብሱ ሰፍቶታል፤ በሙቀቱ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ቤተሰቡ ገና ደጅ ተሰልፎ ሳለ መጥቶ ኦዜላን ጨበጣት። «የእህትዎ ድምፅ ሕይወቴን ለወጠው» አላት በቀስታ። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያቺን ስብራት ለመማር ሁለት ወር በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ፤ እስከ ዛሬም አላገኘኋትም። ከየት አመጣቻት? ነግራዎት ታውቃለች?» ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ እንባ አዝሏል። ኦዜላ ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ዋጠችው፤ ለዚህ ሰው ብቻዋን ደጅ ላይ ልትነግረው አይደለም የመጣችው። «እግዜር ይወቀው» አለችው።

ጸሎት ተደረገ፣ መዘምራን ዘመሩ፣ ከየቦታው የመጡ የሐዘን ደብዳቤዎች ተነበቡ። ቀጥሎ ፓስተሩ ተነስቶ «የሟችን የሕይወት ታሪክ በጸጥታ እናንብብ» አለ። በነሱ ቤተ ክርስቲያን ልማዱ እንዲህ ነው፤ የሟች ታሪክ በድምፅ አይነበብም። ኦርጋኑ ዝቅ ብሎ ይመታል፣ ሁሉም ወረቀቱን ከፍቶ በልቡ ያነባል። ኦዜላ ሦስተኛው ገጽ በአንድ ጊዜ በመላ አዳራሹ ሲገለጥ ሰማችው። ከፊቷ የተቀመጡት ሴት በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ቢያነበው ይሻል ነበር፤ የሚያነብን ሰው ማቋረጥ ይቻላል። አራት መቶ ሰው በልቡ ሲያነብ ግን ማን ይቋረጣል? ኦርጋኑ እስኪያበቃ ድረስ ቃሉ በአራት መቶ ሰው ሆድ ገብቶ አለቀ። ኦዜላ ወረቀቱን አጠፈች። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አለች።

ስሟ ሲጠራ ተነስታ ወጣች። ሬሳ ሣጥኑ ከእግሯ ሥር ነው፤ ሉቨርን በብልጭልጩ ቀሚሷ፣ ዱቄት ተቀብታ ተኝታለች። «ሉቨርን እህቴ ናት» ብላ ጀመረች። «የምነግራችሁ ነገር አለ። ያን ሸክላ በተመለከተ…» ዓይኗ ከፊት ወንበር ላይ ወደቀ። እናቷ በነጭ ጓንት የተሸፈኑ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ታያታለች። አሥራ አንድ ዓመት የተዘጋው በር ታወሳት። ይህች አሮጊት ከዚህ ወንበር ሳትነሳ ያባረረችው ያልበደለችውን ልጇን እንደሆነ ትስማ? ልጇ ገና አፈር ሳይነካት? ኦዜላ ማይክራፎኑን ጨበጠች። ሰው «አይዞሽ፣ ጊዜ ውሰጂ» ይላታል። ያኔ ነው ሌላ ሐሳብ የመጣላት። መናገር ለምን ያስፈልጋል? ድምፁ ራሱ ይናገር። ጆሮ ያለው ይሰማል፤ የሰማ ያውቃል። እናቷ ደግሞ ዘፈኑን ጠልታው የኖረች ናት፤ አታስተውለውም።

«መጥበሻዬን መልስ»ን ያለ ሙዚቃ፣ እንደ መዝሙር ቀስ አድርጋ ጀመረችው። መጀመሪያ አዳራሹ ደነገጠ፤ ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ኦርጋኒስቱ ትንሽ ፈልጎ ቃናውን አገኘና ከሥሯ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት ከመታጠቢያ ክፍሏ ውጪ ያልዘፈነችው ዘፈን ምንም አልጎደለውም፤ ወፍሯል እንጂ። ጥሎ ስለሄደ ወንድ የነበረው ቀልድ ስለ ሞት ሆነ፤ መልስልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ምሬሃለሁ፣ እሷን መልስልኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተሰበረም። የምታየው ሰዓት፣ የምትፈራው በር አልነበረም፤ ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ሙሉውን ለቀቀችው። በዕድሜዋ እንዲህ አድርጋ ዘፍናም ዘምራም አታውቅም፤ እሷም አወቀችው። ዘፈኑን ጨረሰች። ቆማ ጠበቀች። አሁን ይገባቸዋል፣ አሁን አንዱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጌታ ሆይ፣ እሷ ናት!» ይላል ብላ ጠበቀች።

አዳራሹ በአሜን ተናጋ። ሚስ ክሎቲል ባርኔጣቸውን አውልቀው እያውለበለቡ ያለቅሳሉ። ፓስተሩ ማይክራፎኑን ያዘና፣ «ሉቨርን አልሞተችም!» አለ። «በእህቷ አፍ ሰማናት! አሜን በሉ!» አሜን አሉ። ዶሬታ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬን እንዲህ አጥንተሻታል ለካ! አንድም ቀን ሳትነግሪን!» እንግሊዛዊው እንባውን እየጠረገ ወደ ፊት መጣና የኦዜላን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ብዙ ሰው ሲዘፍነው ሰምቻለሁ፤ እኔም ዘፍኜዋለሁ። ወደ እሷ የቀረበው የእርስዎ ነው» አላት። ከዚያም፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዲት ነገር ብቻ፤ ሦስተኛው ላይ ስብራቷን ዘለሏት። እሷ ብትሆን አትዘልም ነበር» አለ። ኦዜላ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ አልቆም አላት፤ ትከሻዋን እስኪያንቀጠቅጣት ሳቀች። ሰዉ ለቅሶ መሰለው፤ ነጭ የለበሱ፣ በለቅሶ የሚዝለፈለፈውን የሚደግፉ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ነርሶች መጥተው ደግፈው አወጧት።

የቤተሰቡ ረጅም ጥቁር መኪና በር ላይ ቆሟል። ነርሶቹ ኦዜላን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ሄዱ። እናቷ ቀድማ ገብታለች። ሾፌሩ ውጪ ሲጋራ ያጨሳል፤ ዶሬታ ደረጃው ላይ ቆማ ከጋዜጣው ሰው ጋር ታወራለች። መኪናው ውስጥ ቆዳውና ሙቀቱ ይሸታል። በመስኮቱ ስድስት ወንዶች ሣጥኑን ተሸክመው ደረጃውን ሲወርዱ ይታያል፤ አንዱ ከኋላ ያለው እግሩ ተንሸራተተና ሌሎቹ ጮኹበት። አሮጊቷ እነሱን እያየች፣ ወደ ልጇ ሳትዞር ተናገረች።

«ዛሬ አልፈራሽም።»

«ምን አልሽ?»

«ሦስተኛው ላይ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትፈሪ ጉሮሮሽ እንዲያ ይላል። ዛሬ ግን አላለም።»

ኦዜላ የመኪናውን በር እጀታ ያዘች። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«ፀጉር ስሠራ፣ ሬዲዮ ላይ። ሁለተኛው መስመር ሳይደርስ። አፍ ያስፈታሁሽ እኔ፣ መዘመር ያስተማርኩሽ እኔ፣ ልጄን አላውቃትም?»

«ታዲያ ለምን እሷን?»

እናትየዋ የጓንቷን ጣቶች አስተካከለች። «ዲያቆናቱ ስም ይዘው መጡ» አለች። «የያዙት ስም የሷ ነው። የሷ አይደለም ብል፣ የማን ነው ሊሉኝ ነው። ሁለት ልጅ ነበረኝ፤ አንዷ ወጥታለች፣ አንዷ ቤት ናት። የቀረችኝን ያዝኩ።» እንደ ዱቄት ዋጋ፣ እንደ ቤት ኪራይ ነበር የነገረቻት፤ ሳታለቅስ፣ ይቅርታ ሳትጠይቅ። ኦዜላ ያ እሑድ ታያት፤ ካባዋ፣ ብቻዋን የዘመረችው መዝሙር፣ ከፊት ወንበር ላይ «አሜን» የምትላት እናቷ። አሜን ትላት የነበረው አውቃ ነው። ኦዜላ ሃያ ስድስት ዓመት ለማንም የማያስፈልግ ምስጢር ጠብቃለች።

«ሉቨርንስ? እንደምታውቂ ታውቅ ነበር?»

«ከረጢቷን በረንዳ ላይ ያኖርኩ ዕለት ነግሬያታለሁ። የኦዚ ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንቺ ግን ትሄጃለሽ አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

ወንዶቹ ሣጥኑን አስገብተው የሬሳ መኪናውን የኋላ በር ዘጉት።

«‹እንዳትነግሪያት፤ ካወቀች መዝሙር ታቆማለች› አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከረጢቷን አንስታ ሄደች።»

ዶሬታ እየሮጠች መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ኦዜላ መስተዋቱን አወረደችላት። «አክስቴ፣ ሰውዬው ስለ እማዬ አንድ ቃል ጨምሪልኝ ይልሻል። ስለ ሸክላው ልትናገሪ ጀምረሽ አልነበር? ምን ልትዪ ነበር?» ልጅቱ የሉቨርን አገጭ አላት፤ ስትጠብቅ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች። ከኋላዋ የጋዜጣው ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል።

«የምጨምረው የለኝም» አለች ኦዜላ። «የተጻፈው ልክ ነው በይው።»

ዶሬታ ከፊት ገባች፤ ሾፌሩ ሲጋራውን ጣለና ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ሬሳውን ተከትሎ ሊዮንስ ጎዳና ላይ ሲወጣ እናቷ በነጭ ጓንት የተሸፈነ እጇን በወንበሩ ላይ ወደ ኦዜላ ዘረጋች። ኦዜላ አየችው። ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች፤ መቃብሩ እስኪደርሱ ድረስም አላነሳቻቸውም።